ሰልፈ ራይቦዞም

ሰልፈ ራይቦዞም፦ በአንድ የመልእክተኛ አር ኤን ኤ ክር ላይ ተከታትለው ፕሮቲን በመሥራት ላይ ያሉ ራይቦዞሞች። በሳይንሱ ዓለም ፖሊሶም ይባላል።

ራይቦዞም የሕዋስ ፕሮቲን መሥሪያ ነው። አንዱን መልእክት ብዙ ራይቦዞሞች በአንድ ጊዜ ያነቡታል፤ ፊተኛው ፕሮቲኑን ሊጨርስ ሲቃረብ ኋለኛው ገና ይጀምራል። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ስለሚጓዙ «ሰልፍ» ይስማማቸዋል፤ «ክምችት» ቢባል ግን ቅደም ተከተላቸው ይጠፋል።

ጉበት አልቡሚንን የመሳሰሉ የደም ፕሮቲኖችን ያለማቋረጥ ስለሚሠራ በእነዚህ ሰልፎች የተሞላ ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. ፌሊክስ ቬትሽታይን፣ ቴዎፊል ሽቴሄሊንና ሃንስ ኖል ከአይጥ ጉበት ለይተው ማውጣታቸውን አሳተሙ።

የሥራው ፈተና ሰልፉን ሳይበትኑ ማውጣት ነው። ክሩን የሚቆርጡ ራይቦኑክሌዝ የተባሉ ኢንዛይሞች ሕዋሱ ሲፈርስ ይለቀቃሉ፤ ስለዚህ ጉበቱ እንስሳው እንደሞተ ወዲያው ወጥቶ በረዶ ላይ ይቀመጣል። ከቄራ ተጭኖ መካኒሳ አቦ ልኳንዳ ቤት የደረሰ ጉበት ለገበታ የሚሆን ቢሆንም ለዚህ ሥራ ጊዜው አልፎበታል።

የቀዘቀዘው ጉበት ስኳርና ማግኒዝየም ባለው ፈሳሽ ውስጥ በቀስታ ይፈጫል። የራይቦዞምን ሁለት ክፍሎች አጣምሮ የሚይዘው ማግኒዝየም ነው፤ እሱ ከጎደለ ይለያያሉ። ፈሳሹ በሴንትሪፊውጅ ሲሽከረከር ኒውክሊየስና ሚቶኮንድሪያ ይዘቅጣሉ። ከላይ በቀረው ላይ ዲኦክሲኮሌት የተባለ የሐሞት ጨው ሲጨመር ከሽፋን ጋር የተጣበቁት ራይቦዞሞች ይላቀቃሉ። በመጨረሻም በወፍራም የስኳር ሙሙት ላይ ተደርቦ፣ ከምድር ስበት 100,000 ጊዜ በሚበልጥ ኃይል ለሰዓታት ይሽከረከራል። ሰልፎቹ ስኳሩን ሰንጥቀው ከሥር ይሰበሰባሉ።

ሰልፉ አለመበተኑን ለማረጋገጥ ናሙናው መጠኑ ከላይ ወደ ታች በሚጨምር ስኳር ውስጥ ይሽከረከራል። ረጅሙ ሰልፍ ወደ ታች ይወርዳል፤ ነጠላው ከላይ ይቀራል። ክሩ ከተቆራረጠ አብዛኛው ከነጠላዎቹ ጋር ይገኛል።

ይህ ልኬት የጉበትን ጉልበት ይነግረናል። እንስሳው አሚኖ አሲድ ሲያጣ ሰልፉ ይሳሳል፤ ሲመገብ ይጠናል። የምግብ እጥረት ለሚያሳስበን ሕዝብ ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው፦ ረሃብ ከሰውነት ክብደት አልፎ የፕሮቲን ሥራውን ከመሠረቱ እንደሚያዳክም በዓይን ያሳያል።