የእንቅስቃሴ መቆጣጠሪያ
የእንቅስቃሴ መቆጣጠሪያ የተጫዋቹን የእጅ ወይም የመላ አካል እንቅስቃሴ በዳሳሽ አንብቦ ወደ ጨዋታ ትእዛዝ የሚለውጥ የቪዲዮ ጨዋታ ኮንሶል መሣሪያ ነው። ንባቡ የሚከናወነው በጆይስቲኩ ውስጥ ባሉት አክስሌሮሜትር (የፍጥነት ለውጥ መለኪያ) እና ጋይሮስኮፕ (የመዞር ፍጥነት መለኪያ)፣ አለዚያም ከቴሌቪዥኑ አጠገብ በሚቀመጥ ካሜራ ነው።

ኔንቲዶ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ዊ የተባለ ኮንሶል ከ101 ሚሊዮን በላይ ተሸጦ ስልቱን በዓለም አስፋፋ። በ2010 የሶኒ ፕሌይስቴሽን ሙቭና ያለ ጆይስቲክ መላ አካልን የሚከታተለው የማይክሮሶፍት ኪኔክት ተከተሉ፤ ሰፊ ባዶ ቦታ የሚጠይቀው የኪኔክት ምርት ግን በ2017 ተቋረጠ።

የቦታ ጥያቄ ከሚሰጠው ትኩረት በላይ ክብደት አለው። በኢትዮጵያ ኮንሶል ለብዙ ወጣቶች የሚታወቀው በፕሌይስቴሽን ቤት ነው፤ ይህም ተጫዋቾች በየጨዋታው እየከፈሉ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ በአብዛኛው እግር ኳስ የሚጫወቱበት ብዙ ጊዜ ጠባብ ክፍል በመሆኑ፣ ቆሞ ክንድ መወርወርን ለሚጠይቅ ስልት አይመችም።

የቴክኖሎጂው ቀጣይ አቅጣጫ በሁለት መስመር ይታያል። አንዱ በ2023 እንደወጣው ፕሌይስቴሽን ቪአር2 ያለ የምናባዊ እውነታ መነጽር ሲሆን፣ ሌላው በስፕላቱን ጨዋታ (2015) እንደታየው በጋይሮስኮፕ ዒላማን የማስተካከል ስልት ነው። ሁለተኛው ተጫዋቹ ሳይነሣ የእጅ አንጓውን ብቻ እንዲያዘነብል ስለሚጠይቅና የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክም ዳሳሹን ከውስጡ ስለያዘ፣ ለፕሌይስቴሽን ቤቶች ይበልጥ የሚስማማው እርሱ ነው።