ገደልና ታንክ፤ የሰሜን ጦር በ1928 ዓ.ም.

ከደባርቅ ተነሥቶ በሊማሊሞ ቁልቁለት ወደ ተከዜ በረሓ የወረደ ሰው፣ በዚያ አገር የተሽከርካሪ ኀይል በሞተሩ ሳይሆን በመንገዱ እንደሚወሰን ሳይረዳ አይቀርም። የሰሜንና የወገራ ሰው ይህን ዕውቀት ለውጊያ እንዴት እንዳዋለው፣ የት ላይስ እንዳልበቃው ባጭሩ እንመረምራለን።

ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩና የደጃዝማች አያሌው ብሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ፣ ደምበጒና በተባለው የሽሬ ማለፊያ ዘጠኝ ትናንሽ ታንኮች ያሉትን የጠላት ጦር ከበበ። የነዚያ ታንኮች መትረየስ ወደ ፊት ብቻ የሚተኩስ ነበር፤ ወደ ኋላ አይዞርም። ተዋጊዎቹ ይህን አስተውለው ከኋላ እየመጡ ወጡባቸው። ለርዳታ የተላከውንም ጦር በጠባቡ መንገድ ላይ ከፊትና ከኋላ ቋጥኝ እየናዱ አገዱት።

የኢንካ ሕዝብም ከስፓኞች ጋር ሲዋጋ ወደዚሁ ዘዴ ደርሶ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1536 ዓ.ም. የማንኮ ኢንካ የጦር አለቃ ኪሶ ዩፓንኪ የጠላትን ፈረሰኞች በአንዲስ ተራሮች ሸለቆ ጠብቆ በድንጋይ ናዳ ፈጃቸው። ወደ ሊማ ሜዳ በወረደ ጊዜ ግን ፈረሰኛው አሸነፈው፤ እርሱም በዚያው ሞተ።

የእኛ ሰዎች ሜዳ ሳይወርዱ የተጠቁት ከሰማይ ነው። ከደምበጒና ድል በኋላ ብዙ ቀን ሳይቆይ የጣልያን አውሮፕላን በተከዜ ዳርቻ የመርዝ ጋዝ አወረደ። ከየካቲት 21 ቀን ጀምሮ በሽሬ በተደረገው ጦርነትም ሠራዊቱ እንደ ጥንቱ በብዛት ተሰብስቦ ስለ ተዋጋ፣ ሲያፈገፍግ በተከዜ መሻገሪያ ላይ በቦምብ ተፈጀ።

ስለዚህ ሽንፈቱን «ከዘመናዊ መሣሪያ ጋር ካለመተዋወቅ የመጣ ነው» ማለት በቂ ሆኖ አላገኘነውም። ታንኩን በአንድ ቀን ውጊያ አውቀውታል። ያስቸገረው በአንድነት የሚሰፍረውና የሚጓዘው ታላቅ ጦር ከአውሮፕላን መሰወር አለመቻሉ ነው። ለዚህም መልሱ ቈይቶ ተገኘ፤ በአርማጭሖ፣ በወልቃይትና በወገራ የተነሡት አርበኞች በትንንሽ ጭፍራ ተከፋፍለው ተዋጉ።

ገደል ግን ለያዘው ሁሉ ያገለግላል። በ1933 ዓ.ም. ጠላት በተራው ከደባርቅ አጠገብ ያለውን የወልቅፊትን በር ይዞ ለወራት ተከላከለ። በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ተከቦ ስንቁ ካለቀ በኋላ፣ በመስከረም 1934 ዓ.ም. 3,000 ያህል ሰው እጁን ሰጠ። እንግዲህ ምሽግ የሚጸናው ስንቅ የሚገባበት መንገድ እስካለው ድረስ ነው።