«ትቻለሁ» ማለት ምን ማለት ነው? የቤተሰብ ንብረትና የመግዛት ቀዳሚነት

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ከወላጆች የተወረሰ ቤት ሊሸጥ ሲታሰብ ለወንድምና ለእህት የሚቀርበው ወረቀት ብዙውን ጊዜ በአንድ ቃል ይደመደማል፤ «ትቻለሁ» በሚል። ለመሆኑ የሚተወው ምኑ ነው? ሌላው ወራሽ ድርሻውን ለባዳ ሲሸጥ ከባዳው በፊት የመግዛት መብት አንድ ነገር ነው፤ የራስ ድርሻ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን ለይቶ ለማየት ወደ ታሪክ መለስ ማለት ይገባል።

የቀዳሚነት መብት መነሻው ባይተዋር በቤተሰብ መካከል እንዳይገባ መከላከል ነው። በእስልምና ሕግ «ሹፍዓ» የሚባለው መብት ይህንኑ ለተጋሪው ይሰጣል። ብዙዎቹ ሊቃውንት መብቱ የሚወለደው ሽያጩ ሲፈጸም ስለሆነ ከሽያጩ በፊት የተነገረ መተው አያስርም ብለዋል። የ1804 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ሕግም ወራሾች ድርሻ የገዛውን ባዳ ገንዘቡን መልሰው እንዲያስወጡት ይፈቅድ ነበር። ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁትና በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ለጋራ ባለሀብቶች ተመሳሳይ መብት ሰጥቷል።

ሕጉ አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላው ግን መሬቱ ራሱ ከገበያ ወጣ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠሩን፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማውን መሬት የመንግሥት አደረጉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥ ደነገገ፤ ሰው በመሬቱ ላይ የሠራውን ቤት ግን የግል ሀብቱ አድርጎ አጸናለት። ስለዚህ በከተሞቻችን የቀዳሚነት ጥያቄ ዛሬ በዋናነት የቤት ጥያቄ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። በጉራጌ ባህል የእንሰት ይዞታና የአባት ቤት የሚተላለፉት በወንድ መስመር ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቃቄ ወርድወት የጋብቻና የፍቺን ሥርዓት በየጆካ ሸንጎ ፊት መሞገቷ በአፈ ታሪክ ሲነገር የኖረው ሴቶች በዚያ ሥርዓት የነበራቸው ቦታ ጠባብ ስለነበረ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 842 ልጆችን በእኩል ድርሻ ወራሽ አድርጓል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35ም የሴቶችን እኩል የመውረስ መብት አረጋግጧል። እንግዲህ በመስቀል ሰሞን ከአዲስ አበባ የገባች እህት በሽማግሌ ፊት «ትቻለሁ» ብላ ስትፈርም የቀረላት የመግዛት ቅድሚያ ብቻ ነው ወይስ ድርሻዋም ጭምር? ቃሉ ሁለቱንም ይሸከማል፤ ይሉኝታ ደግሞ እንዳትጠይቅ ያደርጋታል።

መፍትሔው ሁለቱን ወረቀት መለየት ነው። የቀዳሚነት መተዊያው ሻጩን፣ ገዢውንና ዋጋውን በስም በቁጥር ይጥቀስ፤ ፈራሚው ድርሻው እንደተጠበቀ ይገለጽበት። ድርሻን ማስተላለፍ ግን የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል ነውና በአንቀጽ 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት ይደረግ። ዕርቅና መተሳሰብ የባህላችን ጌጥ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ምን እንደተወች ያላወቀች እህት ተወች አይባልም፤ ተወሰደባት እንጂ።