በየሁለት ወሩ አንድ መራራ ዋንጫ

በደጋው የኢትዮጵያ ክፍል ለብዙ ትውልድ ሰው ሁሉ የማያልፈው አንድ ቀጠሮ ነበረው። በወር ወይም በሁለት ወር አንዴ ወንዱም ሴቱም፣ አዛውንቱም ወጣቱም ኮሶ ይጠጣ ነበር። የዋዜማው እራት ቀለል ይላል፤ አንዳንዱም ጭራሽ ሳይበላ ያድራል። ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያደረው ኮሶ ጠዋት በባዶ ሆድ ይቀርባል። ጠጪው አፍንጫውን ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በአንድ ትንፋሽ ሊጨልጠው ይሞክራል። ከዚያ በኋላ ሆዱ እስኪጠራ ድረስ ከቤት አይርቅም፤ እንግዳም አይቀበልም።

ይህን ሁሉ መከራ የሚቀበለው አልጋ ላይ ስለዋለ አልነበረም። ቀኑ ስለደረሰ ነው። ኮሶ መጠጣት ልብስ እንደማጠብ ያለ፣ ጊዜውን ጠብቆ የሚደረግ የንጽሕና ሥራ ተደርጎ ይቆጠር ነበር።

ምክንያቱ ጥሬ ሥጋ ነው። ከጾም መፍቻ እስከ ሠርግ፣ ከግብር እስከ ዘመድ ጥየቃ ድረስ የበሬ ሥጋ በጥሬው መብላት የድግስ ሁሉ አውራ ነበር፤ ዛሬም ነው። ከሥጋው ጋር አብሮ የሚገባው የኮሶ ትል ደግሞ በአንጀት ውስጥ ተጣብቆ፣ ካልተነካ ለዓመታት ሊኖር የሚችል፣ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 10 ሜትር የሚረዝም ጠፍጣፋ ትል ነው። ሰውየውን እምብዛም አይጥለውም። ሆድ ቁርጠት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት መለዋወጥ ያመጣል። ከሁሉም በላይ የሚያሳቅቀው ግን እየተቆራረጠ የሚወጣው ነጭ ቁራጭ ነው፤ ቁራጩ ራሱን ችሎ ስለሚንቀሳቀስ ሰገራ ባልተወጣበት ሰዓት እንኳ በልብስ ላይ ይገኛል። ኮሶ እንደታየበት ያወቀ ሰው መድኃኒቱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም ነበር።

መድኃኒቱ የሚገኘው ትሉን በስሙ ካስጠራው ዛፍ ነው። የኮሶ ዛፍ በደጋና በውርጭ አገር የሚበቅል፣ እስከ 20 ሜትር ሊደርስ የሚችል፣ ቅርፊቱ እየተላጠ የሚረግፍ ቀላ ያለ ግንድ ያለው ዛፍ ነው። ከኢትዮጵያ ተነስቶ የምሥራቅ አፍሪካን ተራሮች ይዞ ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ በሩዋንዳና በኮንጎ ድንበር ላይ ያሉት የተራራ ጎሪላዎች የሚኖሩበት ጫካም የኮሶ ዛፍ የሞላበት ነው። ወንዴና ሴቴ አበባው በተለያየ ዛፍ ላይ ይወጣል። ለመድኃኒት የሚፈለገው ሴቴው ነው፤ እንደ ዘለላ ተንጠልጥሎ ሲቀላ ይቆረጣል፣ ይደርቃል፣ ከዚያም ይወቀጣል ወይም ይፈጫል።

ይህን ልማድ በዝርዝር ጽፈው ለውጭው ዓለም ካሳወቁት ሰዎች አንዱ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1769 በምጽዋ በኩል ገብቶ፣ በቀጣዩ ዓመት ጎንደር ደርሶ፣ እስከ 1771 መጨረሻ በአገሪቱ ቆየ። በ1790 ባሳተመው ባለአምስት ጥራዝ የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ ለኮሶ ሰፊ ቦታ ሰጥቶታል። በእሱ አገላለጽ ወንድ ሴት፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይባል ሁሉም በዚህ ትል ይቸገር ነበር፤ ከልማድ ብዛት ግን ችግሩን እንደ ተራ ነገር ይታገሡት ነበር። አንድ እፍኝ ደረቅ የኮሶ አበባ በጤፍ ጠላ ተዘፍዝፎ እንደሚያድርና ጠዋት እንደሚጠጣ ጽፏል። የጠጣ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ቤቱ ውስጥ እንደሚውል፣ ከወዳጆቹ ሁሉ ዓይን እንደሚሰወርም አስተውሏል። ዛፉ በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ከጽዶቹ መካከል ይተከል እንደነበር የተናገረውም እሱ ነው።

ብሩስ ከዘገባቸው ነገሮች ውስጥ የልማዱን ክብደት ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳየው ስለ ተጓዦች የተባለው ነው። ኢትዮጵያውያን ወደ ውጭ አገር እምብዛም የማይጓዙት፣ ከተጓዙም ብዙ ዕድሜ የማይኖራቸው ኮሶ ስለማያገኙ ነው ይባል ነበር። አባባሉ እውነት መሆኑ ያጠራጥራል፤ የኮሶ ትል እንዲህ በቀላሉ ሰው አይገድልም። ነገር ግን አንድ ሕዝብ ያለዚህ መድኃኒት መኖርን ማሰብ እስኪያዳግተው ድረስ ልማዱ ከሕይወቱ ጋር መተሳሰሩን ይመሰክራል።

የዛፉን ስም ማውጣት ግን ለብሩስ አልቀናውም። ዛፉን ለወዳጁ ለእንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ ለጆሴፍ ባንክስ መታሰቢያ ሊያደርገው ፈልጎ ነበር። በሳይንሱ ዓለም የጸናው ግን በ1791 የተሰጠው «ሀጌኒያ አቢሲኒካ» የሚለው ነው፤ የመጀመሪያው ቃል የኮኒግስበርጉን የመድኃኒት ቀማሚ ካርል ጎትፍሪድ ሀገንን ያስታውሳል። በ1820ዎቹ ደግሞ በቁስጥንጥንያ ይሠራ የነበረ ብራየ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም የኮሶን ፈዋሽነት እዚያው አይቶ ለአገሩ ሰዎች አሳወቀ። ኩንት የተባለው የዕፅዋት ሊቅም በ1824 ዛፉን በሐኪሙ ስም ጠራው። ከጎንደር ጓሮ የወጣ መድኃኒት ፓሪስ የደረሰው በቱርኮች ከተማ በኩል ዞሮ ነበር ማለት ነው።

ቀጥሎ የመጣው ንግድ ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ወደ ሸዋ የተመላለሰው ፈረንሳዊ ሮሼ ዴሪኩር ኮሶ ይዞ ወደ አውሮፓ ተመለሰ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በፓሪስና በለንደን የኮሶ አበባ በጣም ውድ በሆነ ዋጋ ይሸጥ ጀመር። ብዙም ሳይቆይ በአውሮፓ አገሮች ኦፊሴላዊ የመድኃኒት መዝገብ ውስጥ ገባ፤ ሐኪሞችም አንድ ታማሚ ከ15 እስከ 20 ግራም የሚሆን የአበባ ዱቄት በውሃ በጥብጦ እንዲጠጣ ያዙ ነበር። የአውሮፓ ሐኪሞች የሰጡት ትእዛዝ በመሠረቱ የደጋው ቤተሰብ ሲያደርገው የኖረው ነው፤ ከዋዜማው መጾም፣ ጠዋት በባዶ ሆድ መጠጣት፣ ትሉ እስኪወጣ መጠበቅ።

መድኃኒቱ ሲታወቅ በሽታው ከየት እንደሚመጣ ገና በሳይንስ አልተረጋገጠም ነበር። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ሎይካርት እ.ኤ.አ. በ1861 ከሰው የወጡ የትሉን ቁራጮች ለጥጃ አበላ። ጥጃው ሲታረድ በጡንቻው ውስጥ ትንንሽ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች ተገኙ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ የትል ራስ ነበረበት። በዚያው አሥርት ዓመት መጨረሻ ደግሞ በሕንድ የሚሠራው ሐኪም ኦሊቨር እንዲህ ያለ የበሬ ሥጋ የበላ ሰው ትሉ እንደሚይዘው አሳየ። ዑደቱ በዚህ ተሟላ። ከሰው የወጣው ቁራጭ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ይይዛል። እንቁላሉ በሜዳ ላይ ይበተናል፣ ከብቱ ከሣሩ ጋር ይበላዋል፣ በሥጋው ውስጥ ይቋጠራል። ሰው ያንን ሥጋ በጥሬው ሲበላ ትሉ ወደ ተነሳበት ይመለሳል።

ይህ ከታወቀ በኋላ የኮሶ ቀጠሮ ምሥጢር ይገለጣል። ትሉ የሚያድገው ከራሱ ቀጥሎ ካለው አንገቱ ነው። ኮሶ ብዙ ጊዜ ረጅሙን አካል ቆርጦ ሲያወጣ ራሱ በአንጀት ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። የቀረው ራስ አዲስ አካል አብቅሎ እንደገና ቁራጭ እስኪጥል ሁለት ወይም ሦስት ወር ያህል ይፈጅበታል። በአዲስ ሥጋ የገባ ትልም ለመጎልመስ የሚያስፈልገው ጊዜ ከዚህ ብዙ አይርቅም። የደጋው ሰው ማይክሮስኮፕ ሳይኖረው፣ የትሉን ራስ ሳያይ፣ ሰውነቱን ብቻ አስተውሎ በሁለት ወር ገደማ የሚመለስ የመድኃኒት ቀን ቆርጧል። አካሉ ማደግ ሲጀምር፣ ቁራጭ መታየት ሳይጀምር ያጠራዋል። ይህ የብዙ ሰው፣ የብዙ ዘመን ትዝብት ውጤት ነውና በአክብሮት ሊታይ የሚገባው ዕውቀት ነው።

የልማዱ ጎዶሎም እዚሁ ላይ ይታያል። ኮሶ የሰውየውን ሆድ አጠራ እንጂ የከብቱን ሣር አላጠራም። መጸዳጃ ጉድጓድ በሌለበት አገር የጠጣው ሰው የሚሄደው ወደ ጓሮ ወይም ወደ ጫካ ጥግ ነበር። በአንድ ቀን ከሰውነቱ የሚወጣው ሜትሮች የሚረዝም ትል እንቁላሉን ይዞ እዚያው ይቀራል። የጎረቤት በሬ እዚያው ይግጣል። ቤተሰቡ በሁለት ወሩ ራሱን ባጠራ ቁጥር ሜዳው እንደገና ይበከል ነበር፤ ጥሬ ሥጋውም ለቀጣዩ ዙር ይዘጋጃል።

መጠኑም ሌላ ችግር ነበር። የኮሶ ኃይል እንደ አበባው ትኩስነት፣ እንደ አደራረቁና እንደ ዕድሜው ይለያያል፤ ቆይቶ የከረመ ኮሶ ይደክማል፣ ትኩሱ ይበረታል። በእፍኝ እየተሰፈረ ሲሰጥ አንዱ ሳይሽር ይቀራል፣ ሌላው ከልክ በላይ ይወስዳል። ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ ያዳክማል። ለነፍሰ ጡር ሴት አደገኛ መሆኑ ይታወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ደግሞ በኢትዮጵያ የሚሠሩ ሐኪሞች ኮሶ አብዝተው የጠጡ ሰዎች የዓይናቸው ነርቭ ተጎድቶ ማየት እንደተሳናቸው በሕክምና መጽሔት መዝግበዋል። የአገሩ ሐኪሞች ኮሶ ብቻ አልነበራቸውም፤ እንቆቆ፣ መተሬ፣ ቀጨሞና የዱባ ፍሬም በየአካባቢው ለዚሁ ያገለግሉ ነበር። እነዚህም ቢሆኑ መለኪያ ያልተበጀላቸው ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኒክሎሳማይድ፣ ኋላም ፕራዚኳንቴል የተባሉ መድኃኒቶች መጡ። ሁለቱም የሚሠሩት በአብዛኛው በአንድ ጊዜ መጠን ነው፤ ትሉን ከነራሱ ስለሚገድሉት በየሁለት ወሩ መመላለስ ቀረ። የሰገራ ምርመራም በየጤና ጣቢያው ስለተለመደ ያለበትንና የሌለበትን መለየት ተቻለ። ለዘመናት የቆየው የቤተሰብ ቀጠሮ በከተማ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ እየሳሳ ሄደ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ያደገ ወጣት የሚያውቀው የኮሶን ምሬት ሳይሆን «እንደ ኮሶ መረረኝ» የሚለውን አነጋገር ነው።

ቀጠሮው ሲቀር ጥሬ ሥጋው ግን አልቀረም። በቄራ የታረደ ከብት ምላሱ፣ የመንጋጋው ጡንቻና ልቡ ተሰንጥቆ ቋጠሮ እንዳለበት ይታያል፤ በብዛት ከተገኘበት ሥጋው ይወገዳል። ይህ ምርመራ ብዙ ቢጠቅምም ጥቂት ቋጠሮ ያለበትን ሥጋ ሁሉ አይዝም። ለፋሲካ፣ ለገናና ለእንቁጣጣሽ በየሰፈሩ የሚጣለው ቅርጫ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምርመራ የሚባል ነገር አያውቀውም። አዋዜው፣ ሚጥሚጣውና አረቄው ትሉን ይገድሉታል የሚለው እምነት ዛሬም በየቁርጥ ቤቱ ይሰማል። ቅመሙም መጠጡም በሥጋው ውስጥ የተቋጠረውን ትል አይደርሱበትም። ለብ ለብ የተደረገ ክትፎም ቢሆን ውስጡ በቂ ሙቀት አላገኘም። ቋጠሮውን የሚያጠፋው እስከ ውስጡ ከ60 ዲግሪ በላይ የጋለ ሥጋ ነው፤ ወይም የሥጋ ቁጥጥር ደንቦች እንደሚያዙት ከዜሮ በታች በ10 ዲግሪ ለ10 ቀን የቀዘቀዘ።

የዑደቱ ሌላኛው ጫፍ መጸዳጃ ቤት ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን ስትጀምር በየቀበሌው የተመደቡት ሴት ሠራተኞች ለየቤተሰቡ ከሚያስተምሯቸው ነገሮች አንዱ ጉድጓድ ቆፍሮ መጠቀም ነበር። ስለ ተቅማጥና ስለ ኮሌራ ሲባል የተቆፈረው ጉድጓድ የኮሶ ትልን እንቁላልም ከከብቱ ሣር ያርቃል። ሎይካርት በጥጃው ላይ ያየው መንገድ የሚቆረጠው በዚህ ነው፤ የጥንቱ ቤተሰብ በጥንቃቄው ውስጥ ያጣው ክፍልም ይኸው ነበር።

ዛፉ ራሱ ዛሬ ከመድኃኒትነቱ ይልቅ በእንጨቱ ይፈለጋል። ለቤት ዕቃ ስለሚስማማና በቅሎ ለመድረስ ዓመታት ስለሚፈጅበት በብዙ ቦታ ተመናምኗል፤ በጫካው የሚሰማራው ከብትም ችግኙን ይረግጠዋል፣ ይበላዋል። ያረጁ የኮሶ ዛፎችን ማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ በተለይ ወደ ዲንሾ ቢሄድ ያገኛቸዋል። በሆዱ ውስጥ ትሉ ያለበት ሰው ግን ወደ ዛፉ ሳይሆን ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ መሄድ ይኖርበታል። ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ የሚንቀሳቀስ ቁራጭ ያየ ሰው ያንኑ ለባለሙያው መናገር ብቻ ይበቃዋል። አያቶቹ ሁሉ ያለፉበት ነገር ነውና፣ እሱም በዚህ የሚያፍርበት ምክንያት የለም።