አራቱ ወታደሮችና የብላክጃክ ሒሳብ

ላስ ቬጋስ ውስጥ የብላክጃክ ዲለር (ካርታ አዳይ) ነኝ። ጀማሪ ተጫዋች ጠረጴዛዬ ላይ ሲቀመጥ ብዙውን ጊዜ ካርታውን ትቶ ፊቴን ያጠናል፤ ምን እንዳሰብኩ ከዓይኔ ሊያነብ ይፈልጋል። እኔ ግን የማስበው ነገር የለም። የሚያሸንፈው ከ21 ሳያልፍ ወደ 21 ይበልጥ የቀረበ ነው፤ የካርታዎቼ ድምር 16 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ካርታ መጨመር ግዴታዬ ነው፤ 17 ከሞላልኝ ማቆም ግዴታዬ ነው (ኤስ ያለበት 17 ላይ የካዚኖዎቹ ደንብ ይለያያል)። ምርጫ ያለው ተጫዋቹ ብቻ ነው። ይህ ደንብ የሚያስከትለውን መጀመሪያ በወጉ ያሰሉት አራት የአሜሪካ ወታደሮች ናቸው።

ጨዋታው ራሱ የቆየ ነው። ሰርቫንቴስ እ.ኤ.አ. በ1613 ባሳተመው አንድ ታሪክ ውስጥ ሁለት ወጣት አጭበርባሪዎች በሃያ አንድ ጨዋታ የሰው ገንዘብ ሲበሉ እናገኛለን። ኋላ ፈረንሳዮች ወደዱት፤ ወደ አሜሪካም ተሻገረ፤ ኔቫዳ በ1931 ቁማርን ስትፈቅድ ሕጋዊ ጠረጴዛ አገኘ። እስከዚያም ከዚያም በኋላ ሰው የሚጫወተው በግምትና በልማድ ነበር።

በ1950ዎቹ ሜሪላንድ በሚገኘው የአበርዲን የጦር ሠፈር፣ ሮጀር ባልድዊን የሚባል ወታደር ከጓደኞቹ ጋር ካርታ ሲጫወት የላስ ቬጋሱን የዲለር ደንብ ሰማ። ባልድዊን በሒሳብ ማስተርስ ነበረው። ዲለሩ ምርጫ ከሌለው፣ ዕጣው አስቀድሞ ሊሰላ እንደሚችል ገባው። ዊልበርት ካንቲ፣ ኸርበርት ማይዘልና ጄምስ ማክደርሞት ተባበሩት። ከሥራ ውጭ ባላቸው ሰዓት፣ በሠፈሩ የሒሳብ ማሽኖች፣ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ሲደምሩና ሲያባዙ ከረሙ። ኮምፒውተር አልነበራቸውም። ውጤታቸው በ1956 በአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበር መጽሔት ታተመ። እኔ ለእነዚህ ሰዎች ትልቅ አክብሮት አለኝ፤ ያገኙትን ደብቀው መጫወት ሲችሉ ለሁሉም አሳወቁት።

ካገኙት አንዱን ላሳያችሁ። ሥዕል ያለባቸው ካርታዎች እንደ 10 ስለሚቆጠሩ በካርታው ውስጥ የበዛው 10 ነው። ከሁለቱ ካርታዎቼ አንዱ ተገልጦ ሌላው ይደፋል፤ የተገለጠው 6፣ የተደፋው 10 ከሆነ 16 ይዣለሁ ማለት ነው፤ መጨመር አለብኝ። በ6 ስጀምር ከ100 ጊዜ 42 ያህሉን ከ21 አልፌ እወድቃለሁ። ስለዚህ 13 የያዘ ሰው እጁን አወናጭፎ «ይበቃኛል» ማለት ነው ያለበት። ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ አድርጎ ሌላ ካርታ ሲጠይቀኝ ከልቤ አዝናለሁ። 7 እና ከዚያ በላይ ከገለጥኩ ግን እሱም እስከ 17 መጨመር አለበት።

የሒሳብ ሊቁ ኤድዋርድ ቶርፕ የወታደሮቹን ስሌት ተቀብሎ በኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ በነበረ ኮምፒውተር አራቀቀውና በ1962 መጽሐፍ አወጣ፤ የወጡትን ካርታዎች መቁጠርንም አስተማረ። ካዚኖዎቹ ደንግጠው በ1964 ደንቡን አጠበቁት። ተጫዋቹ ጠረጴዛውን ጥሎ ሲሄድ ግን ወደ ነበረበት መለሱት።

ዛሬ ካዚኖዎቹ ደግሞ በሌላ በር ገብተዋል። በሁለት ካርታ 21 ለሞላለት ሰው የቆየው ክፍያ 3 ለ 2 ነው፤ 10 ዶላር ላስያዘ 15 ዶላር። አሁን ብዙ ጠረጴዛ 6 ለ 5 ይከፍላል፤ 12 ዶላር ብቻ። አራቱ ወታደሮች ያሰሉት በ3 ለ 2 ነበር፤ በዚያም ቢሆን ቤቱ በጥቂቱ ይበልጥ ነበር። ክፍያው የጠረጴዛው ጨርቅ ላይ ተጽፏል፤ ከመቀመጣችሁ በፊት አንብቡት፣ 6 ለ 5 ከሆነ አትቀመጡ።