ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» የአንባብያን አሳብ መለያየቱ

በቅኔ ቤት ያደገ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ አንድ ጉባኤ ቃና በጉባኤ መካከል በተሰማ ጊዜ ከተማሮቹ ወገን አንዱ ሰሙን ብቻ ሰምቶ ዝም ይላል፤ ሌላው ወርቁን አግኝቶ «ይበል» ይላል፤ ሦስተኛውም ቤቱ ተሰበረ ብሎ ይከራከራል። በመጻሕፍትም ዘንድ ነገሩ እንደዚሁ ነው። የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ ጀምሮ እስከ ዛሬ ድረስ የሚወዱትም የሚያዝኑበትም አልታጡም። ከሁሉ ይልቅ በካህናት ዘንድ ክርክሩ ገና ስላልበረደ፥ ታሪኩንና ምክንያቱን በአጭሩ ልናስረዳ ፈቅደናል።

ልብ ወለድ ታሪክ በአማርኛ መጻፍ የተጀመረው ከዚያ አስቀድሞ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፋቸውን በሮማ ከተማ ያሳተሙት በ1900 ዓ.ም. ነበር። ከእሳቸውም በኋላ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴና ሌሎች ደራስያን ምክርንና ተግሣጽን በታሪክ መልክ እየጻፉ አንባቢውን አስለመዱት። ክቡር ሐዲስ ግን የሚወደዱትን ሰዎች ሁሉ ወደ መቃብር አወረዱና ፍርዱን ለአንባቢው ተዉት። ፍርድ የተተወለት አንባቢም እንደ ልቡ ፈረደ።

ደራሲው በ1902 ዓ.ም. በጎጃም ከካህን አባት ተወልደው፥ በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ተማሩ። ኋላም ወደ አዲስ አበባ መጥተው ዘመናዊውን ትምህርት ጨመሩበት። ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው ተማረኩና በኢጣልያ ሰባት ዓመት ያህል በግዞት ኖሩ። ከነጻነት በኋላም በሚኒስትርነትና በአምባሳደርነት መንግሥትን አገለገሉ፤ በ1996 ዓ.ም. ዐረፉ። ይህን ማስታወሳችን የቅኔ ቤቱን ነገር የጻፈው ሰው ከሩቅ ያየ እንግዳ አለመሆኑ እንዲታወቅ ነው።

መጽሐፉን ላላነበበ ሰው ነገሩ በአጭሩ ይህ ነው። የበዛብህ ወላጆች የልጃቸውን ሕይወት ከሞት ለማትረፍ ሲሉ፥ ቢያድግልን ሚስት ሳያገባ ቤተ ክርስቲያንን ያገልግል ብለው ተሳሉ። ልጁም አደገ፤ ተማረ፤ ባለቅኔ ሆነ። ከዚህም በኋላ በዘራቸው በሚኮሩት በፊታውራሪ መሸሻ ቤት ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ገብቶ ሁለቱ ተዋደዱ። የወላጆቹ ስእለት በአንድ ወገን፥ የፊታውራሪው የዘር ኩራት በሌላ ወገን ቆመው መንገድ ከለከሏቸው። በመጨረሻው በዛብህ ሞተ፤ ሰብለ መነኰሰች፤ ሰው ሁሉ እብድ ነው የሚለው ጉዱ ካሣም ከሁለቱ ጋር በአንድ መቃብር ዐረፈ።

እንግዲህ የአንባብያን አሳብ ከሦስት ይከፈላል።

የመጀመሪያዎቹ ፍቅሩን ብቻ የሚያነቡ ናቸው፤ ከሁሉም እነዚህ ይበዛሉ። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በሬዲዮ በተረከው ጊዜ ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠ። ንባብን በጆሮ መቀበል ለእኛ ሰው አዲስ ስላልሆነ፥ ገድልና ተአምር ሲነበብ እያለቀሰ የኖረ ሕዝብ ለሰብለም አለቀሰ። እነዚህ አንባብያን ፍርዳቸው አጭር ነው፤ «አሳዘነኝ» ይላሉ።

ሁለተኛዎቹ በለውጡ ዘመን የተነሡ ናቸው። እነርሱም መጽሐፉን የባላባትን ሥርዓት እንደሚከስ የክስ ወረቀት አነበቡት። በአበጀ በለው መሪነት ገበሬዎቹ በፊታውራሪው ላይ መነሣታቸውንና ጉዱ ካሣ በልማድ ላይ የተናገረውን እየጠቀሱ፥ ደራሲው የነበረው ሁሉ ይፍረስ ብሏል አሉ። ክቡር ሐዲስ ግን በ1966 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል» የሚለውን መጽሐፍ ማውጣታቸውን ማስተዋል ይገባ ነበር። ቤቱ እንዴት እንዲቆም የሚጠይቅ ሰው ለማፍረስ ብቻ አልተነሣም።

ሦስተኛዎቹ ከእኛው ወገን ናቸው። «የቤታችንን እንጀራ በልቶ ቤታችንን ሰደበ» ይላሉ። በድርሰቱ ውስጥ ከጌቶች ማዕድ ጋር የታሰረ ካህን መታየቱ፥ ስእለትም የጥፋት ምክንያት ሆኖ መነገሩ ያስቈጣቸዋል። ኀዘናቸውን መናቅ አይገባም። ለምኖ አዳሪ ተማሪን ሰብስበው ያለ ደመወዝ ሲያስተምሩ ዕድሜያቸውን የፈጸሙ መምህራን ብዙዎች ናቸውና፥ ከተሜው ወጣት ካህንን በዚህ መጽሐፍ በኩል ብቻ ቢያውቅ የእነዚህን አባቶች ድካም ሳያይ ይቀራል። ይህ ነቀፌታ እውነት አለበት።

የስእለቱን ነገር ግን በመጻሕፍት ሚዛን እንመዝነው። ነቢዩ ሳሙኤልን እናቱ ሐና ሳትፀንሰው ተስላ ለእግዚአብሔር ሰጠችው፤ በቤተ መቅደስም አደገ። ሆኖም ሳሙኤል ልጆች እንደ ነበሩት፥ በሸመገለም ጊዜ ፈራጆች አድርጎ እንደ ሾማቸው ያው መጽሐፍ ይነግረናል። እንግዲያውስ ለእግዚአብሔር መሰጠት ጋብቻን አልከለከለውም። በእኛም ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ዲያቆን ሕጋዊት ሚስት አግብቶ ቅስናን ይቀበላል፤ ምንኵስና ግን ሰውዬው ራሱ ወዶ የሚገባበት ነው እንጂ እናትና አባት በሕፃን ላይ የሚጭኑት ቀንበር አይደለም። ዮፍታሔም ሳያስተውል የተሳለው ስእለት በአንዲት ልጁ ላይ እንደ ወደቀ በመጽሐፈ መሳፍንት ተጽፎ የምናነበው ልንጠነቀቅበት ነው።

የፊታውራሪውም ነገር እንዲሁ ነው። ፍትሐ ነገሥታችን ጋብቻ በሁለቱ ተጋቢዎች ፈቃድ እንዲጸና ያዝዛል። የዘር ቈጠራ ኩራት ከቤተ ክርስቲያን ሕግ የተቀዳ አይደለም፤ ልማድ ነው። ስለዚህ በዛብህንና ሰብለን የገደላቸው የቤተ ክርስቲያን ሕግ ሳይሆን፥ ሕጉን የሚያውቅ ሰው አጠገባቸው ቆሞ አለመናገሩ ነው። «ልጄ ሆይ፥ ይህ ስእለት አንተን አያስርህም» የሚል አንድ የንስሐ አባት ቢገኝ ታሪኩ በሌላ መንገድ በሄደ ነበር። እኛን ካህናትን ሊያስደነግጠን የሚገባው ይህ ዝምታ ነው። መጽሐፉ ቤተ ክርስቲያንን ሰደበ ብሎ የሚቈጣውም፥ ሰደበልኝ ብሎ የሚደሰተውም ሰሙን ይዘው ወርቁን ጥለውታል።

ስለ አጻጻፉም ክርክር አለ። አንዳንዱ የጉዱ ካሣ ንግግር ረዘመ ይላል፤ ሌላው ሦስቱ ሰዎች በአንድ መቃብር መሰብሰባቸው ለማመን ያስቸግራል ይላል። ስለ ፊደልም ደራሲው በመጽሐፉ ጠብቆ ከሚነበበው ፊደል ራስ ላይ ነጥብ ማድረጋቸው አከራክሯል። ፊደል እንዲሻሻል ይፈልጉ ስለ ነበር ከሊቃውንት ወገን የሚቃወማቸው አልጠፋም። እኛም የአባቶች ፊደል እንዳይጐድል ከሚሹት ወገን ብንሆን፥ ነጥቡን ግን አንነቅፈውም። «ገና» ሲላላ አንድ፥ ሲጠብቅ ሌላ መሆኑን የማያውቅ ባለቅኔ የለም፤ ኅብረ ቃሉ ብዙ ጊዜ የሚሸሸገው ከዚህ ነው። ስለዚህ ነጥቡ ከቅኔ ቤት ጆሮ የተወለደ ይመስለናል። ልማድ ሆኖ ግን አልተስፋፋም።

ክቡር ሐዲስ በ1974 ዓ.ም. «ወንጀለኛው ዳኛ»ን፥ በ1980 ዓ.ም. «የልም እዣት»ን አሳተሙ። እነዚህ መጻሕፍት የፊተኛውን ያህል አልተወደዱም። አንባቢው ሁለተኛይቱን ሰብለ ሲፈልግ ያልፈለገውን ነገር አገኘና ቀዘቀዘ። ይህ ግን የመጻሕፍቱን ዋጋ አይለካም፤ መምህር ትናንት በተቀኘው ቅኔ ዛሬ የሚቀኘው አይመዘንምና።

ክቡራን አንባብያን ሆይ፥ ምክራችን ይህ ነው። ካህናት ይህን መጽሐፍ ከልጆቻቸው አይሸሽጉት፤ አብረው ያንብቡት፤ የስእለቱም ነገር በደረሰ ጊዜ የሐናንና የዮፍታሔን ታሪክ አውጥተው ያስተምሩበት። የተማሩትም ወገኖቻችን የጉዱ ካሣን ቃል ብቻ ነጥለው ከመጥቀስ ይታገሡ። ከቤት የወጣ ልጅ የቤቱን ጣራ ያፈስሳል ቢል፥ ልጁን ከመራገም በፊት ቀና ብሎ ጣራውን ማየት የአባት ወግ ነው። እግዚአብሔር ሰምቶ የሚያስተውል ልቡና ይስጠን።