ላስቲኩ ከስንዴው ጋር መጣ

ዛሬ ችግኝ ሲባል ሁላችንም የሚታየን አፈር የሞላ ላስቲክ ነው። ግን እኮ ላስቲኩ በአገራችን ብዙ ዕድሜ የለውም። አመጣጡን ማወቁ ለዘንድሮ ሥራችሁም ስለሚጠቅም እስቲ ትንሽ ላውጋችሁ።

ዘር አፍልቶ ማዛወር ድሮም ነበር። በርበሬና ጌሾ በመደብ ይፈላሉ፤ እናቶቻችሁን ጠይቁ። ትልቁን ዛፍ ግን የምትተክለው ወፍ ነበረች። የወይራ ፍሬ በልታ ዘሩን ቁጥቋጦ ሥር ትጥለዋለች፣ እዚያ ጥላ አግኝቶ ይበቅላል። ቁጥቋጦው ሲመነጠር ወፏም ማረፊያ አጣች፤ ወይራው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ብቻ ቀረ ማለት ይቻላል።

ሰው በብዛት ከዘር አፍልቶ የተከለው ዛፍ ባሕር ዛፍ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. አካባቢ ገብቶ አዲስ አበባን ሸፈናት። እዚያ ዝናቡ ይረዝማል። እኛ ጋ ግን ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ ገብቶ ነሐሴ ሲያልቅ ይወጣል። ሁለት ወር! ዘሩን ተራራ ላይ ብትበትኑት ሥሩ ሳይጠልቅ በጋው ይደርስበታል። ላስቲክ ያስፈለገው ለዚህ ነው፦ ችግኙ በጋውን በጥላና በውሃ አድጎ፣ ዝናቡ ሲገባ ሥር ይዞ ይጠብቀዋል።

ወደ ገጠሩ በብዛት የገባው በ1970ዎቹ ነው። ዋግ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር አውራጃ ነበር። በወሎ የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህል ያመጣል፣ ገበሬው እርከን ይሠራል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ችግኝ ይተክላል። የቀን ክፍያው 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ነበር። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ሥራው ይበልጥ ሰፋ። (የእርዳታ ዘይቱ ጣሳ ራሱ ዛሬም በየደጁ ጤና አዳም ይበቅልበታል።)

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ክፍያው ለተቆፈረና ለተተከለ እንጂ ለጸደቀ አልነበረም። መሬቱም በየካቲት 1967 አዋጅ የሕዝብ ሆኗል፤ በጋራ ተራራ ላይ የቆመው ዛፍ የማን እንደሆነ ገበሬው በእርግጠኝነት አያውቅም። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ ያ ደን በመጥረቢያ አለቀ። እኔ በገበሬው አልፈርድም። የኔ ነው ያላለውን ማን ይጠብቃል?

ከ1997 ጀምሮ ደግሞ ሴፍቲኔት መጣ፣ ተከላውም ቀጠለ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታወቀ። እንዲህ ያለ ቁጥር ስሰማ እኔን የሚያሳስበኝ ላስቲኩ ነው። ስንቱ ተቀዶ ወጣ? ከነላስቲኩ የተቀበረ ችግኝ ሥሩ እዚያው ይጠመጠማል፤ መስከረም ላይ ለምለም ሆኖ ያታልላችኋል፣ በሚያዝያ ደርቆ ታገኙታላችሁ።

ስለዚህ ስትተክሉ ላስቲኩን በምላጭ ቅደዱና አፈሩ ሳይፈርስ አውጡት፤ ታች የተጠመጠመ ሥር ካለ ቁረጡት። ላስቲኩንም ሰብስባችሁ ውሰዱ፣ ከብት ይበላዋል።

ወይራ ለመጪው ክረምት ያሰባችሁ በጥቅምት ጀምሩ። የፍሬው ሥጋ ታጥቦ ይልቀቅ፣ ጠንካራው ቅርፊት ውስጡ ሳይጎዳ በጥንቃቄ ይሰንጠቅ። ሳሊግና ግን ጥር ላይ ቢዘራ ይደርሳል፤ የፈላ ውሃ አፍስሱበትና እዚያው እየቀዘቀዘ ይደር።